እብዷ ያልቆመችበት ቀን

አብዱልፈታ መኪናዋን ጋራዤ መግቢያ ላይ አቁሞ ጡሩምባ ሲነፋ ገና ቁርሴን አልጨረስኩም ነበር። ከኤረር በር ወጣ ብሎ ያለው ጋራዤ የቆርቆሮ አጥር እንጂ በር የለውም፤ ማንም ሰው ዘው ብሎ ገብቶ ሊጠራኝ ይችላል። እሱ ግን ጡሩምባ ይነፋል። ሠላሳ ዓመት የማውቀው የጫት ነጋዴ ነው። ትንሽ ከዘገየ እንደ ጫቱ እሱም የሚጠወልግ ይመስለዋል።

መኪናዋን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እብዷ» ይላታል። ነጭ ፎርዊል ናት፣ አውቶማቲክ። ከሁለት ዓመት በፊት አብዱልፈታ እኔን ሳያማክር ከዱባይ ሱፐርቻርጀር አስመጥቶ ሌላ ቦታ አስገጠመላት። ሱፐርቻርጀር በቺንጊያ እየዞረ ሞተሩን አየር በግድ የሚግት መሣሪያ ነው። አየር ሲበዛ ነዳጅ ይበዛል፣ ጉልበትም ይበዛል። የሞተሩን ጉልበት እንዲህ አሳብደው ካምቢዮውን እንደነበረ ተዉት። በሬውን አጠንክሮ ቀንበሩን የረሳ ገበሬ እንጂ ሌላ ሰው እንዲህ አያደርግም። ከባቢሌ ወዲያ አሸዋው ውስጥ ስትገባ የካምቢዮው ዘይት ይፈላል፣ ቀይ መብራት ይበራል፣ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ያኔ ሹፌሩ ወደደም ጠላም ዳር ይዞ አርባ ደቂቃ ይቆማል። ሲመለስም ዳገቱ ላይ እንደዚያው ነው።

«የካምቢዮ ማቀዝቀዣ አምጥቻለሁ» አለኝ አብዱልፈታ፣ ካርቶኑን ኮፈኑ ላይ እያስቀመጠ። «ነገ ከሰዓት ጨርሰህ ትሰጠኛለህ። ሰው ሁሉ እየቀደመኝ ነው። እኔ የምደርሰው ገበያው ከበረደ በኋላ ሆኗል።»

«መጀመሪያ ሞተሩን ስታስነካ እኔን ብትጠይቀኝ ኖሮ...»

«እንደሻው፣ ስብከቱን ለእሑድ አቆየው።»

ሹፌሩ ነስሮ ከሌላው በኩል ወርዶ እየሳቀ ሰላም አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። የሟች አባቱን አሮጌ ታክሲ የምጠግነው እኔ ነበርኩ፤ ልጁ ጀጎል ውስጥ ሲያድግ አይቼዋለሁ፤ ሲያገባም ከወንዱ ወገን ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። በጠዋት ከአወዳይ ጫት ይጭናል፣ ቆላ ወርዶ ያራግፋል፣ ሳያድር ይመለሳል። ቤቱ የሚገባው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ይነሣል። በሳምንት ስድስት ቀን። ያን ቀን ዓይኑ ሥር ያለውን ጥቁረት ግሪስ መስሎኝ «ፊትህን ታጠብ» ብዬዋለሁ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ሥራዬን ጀመርኩ። የፊት ፍርግርጉን ነቅዬ ራዲያተሩ ፊት ያለውን ቦታ እየለካሁ ሳለ ሱመያ መጣች። የነስሮ ሚስት ናት። ከጀጎል በእግሯ መጥታ ላቧን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች ቆመች። ሰላምታ አላበዛችም።

«ጋሼ፣ እንዳይገጥሙት።»

«ምኑን?»

«ማቀዝቀዣውን። ነስሮ የሚተኛው ያቺ መኪና ስትግል ነው። ሌላ ጊዜ የለውም። መብራቱ ሲበራ ዳር ይዞ ይደውልልኛል። 'ሱሚ፣ እብዷ ጋለች፣ ልተኛ ነው' ይለኛል። ያኔ ነው የኔም ልብ የሚያርፈው። አሁን ካልጋለች ማን ያቆመዋል?»

«ራሱ ይቆማላ። ንገሪው።»

«ሁሌም እነግረዋለሁ። 'ወላሂ እቆማለሁ' ይላል። አብዱልፈታ ግን የት ደረስክ እያለ ይደውልለታል። መኪናዋ ጋለች ሲባል ብቻ ነው ዝም የሚለው። ነስሮ ደከመው ቢባል በነጋታው ሌላ ሹፌር ነው የሚፈልገው።»

መኪና ስትግል ታማለች ማለት ነው አልኳት። ዘይቱ ከተቃጠለ ካምቢዮው ውስጡ ይበላል፣ አንድ ቀን በረሃ መሐል ነስሮን ጥሎት ይቀራል። ይህን ሁሉ ዘረዘርኩላት።

«እሺ፣ ይግጠሙት» አለች። «ግን ትንሽ ትጋል።»

አርባ ዓመት በዚህ ሙያ ስኖር መኪና አበላሽልኝ ብሎ የለመነኝ ሰው አልነበረም። ልስቅ ብዬ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ሳቄ ጠፋ። ይህች ልጅ ባሏ ስንት ደቂቃ እንደሚተኛ ከማንም ሐኪም በላይ አስልታለች። ስለ ካምቢዮ ምንም አታውቅም፤ እኔ የማላውቀውን ግን ታውቃለች። ነገሩ እውነት መሆኑ ያኔውኑ ገባኝ፤ ስላልገባኝ ነው ብዬ ማመካኘት አልችልም።

«የምችለውን አደርጋለሁ» አልኳት።

ማቀዝቀዣው ደህና ዕቃ ነበር። ትንሽ ራዲያተር በሉት፤ የካምቢዮው ዘይት በቱቦ ወጥቶ በውስጡ ሲያልፍ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ያበርደዋል። ዋናው ነገር ዘይቱ በየትኛው ቱቦ እንደሚወጣና በየትኛው እንደሚመለስ ማወቅ ነው። አንዱን ፈትቼ ጫፉን ጣሳ ውስጥ ከትቼ ሞተሩን ለቅጽበት አስነሣሁና የሚተፋውን ለየሁ። ከካርቶኑ ጋር የመጣው ጎማ ለውሃ እንጂ ለዘይት ስለማይሆን ወረወርኩት፤ ለሎደር ቱቦ የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ሄጄ ግፊት የሚችል አሠራሁ። ቱቦው የሚግለውን የጭስ ማርሚታ እንዳይነካ አርቄ አሳለፍኩት፤ በየጫፉ ሁለት ሁለት የብረት ማሰሪያ፣ ፋሸታ የምንለውን፣ አጠበቅሁበት። ማቀዝቀዣውን የራዲያተሩ ቅጠል ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ የሚወጉት አሉ፤ እኔ ግን ከብረት እግር ሠርቼ፣ ሥሩ ጎማ አድርጌ፣ በቡሎን አቆምኩት። ሥራ ሥራ ነው።

ከዚያ ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ሄጄ መሐሏ በቀጭኑ የተበሳች የጣት ጫፍ የምታህል የናስ ቁራጭ አስቆረጥኩ። የቶርኖው ሰው ለምንህ ነው ቢለኝ ለነገር አልኩት። ናሷን ዘይቱ የሚሄድበት ቱቦ ውስጥ ከትቼ ፋሸታውን መልሼ አጠበቅሁ። ዘይቱ ያልፋል፣ ግን እየተጎተተ ያልፋል። ቀዩ መብራት እንደ ድሮው ቶሎ ባይሆንም አሸዋው ላይ መብራቱ አይቀርም። ካምቢዮው ዕድሜው ያጥር ይሆናል። ይጠር፤ ካምቢዮ ይገዛል።

ለሱመያ ደወልኩላት። «አድርጌዋለሁ። ትግላለች። አይዞሽ።»

«አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ዕንባ ነበረ።

በማግስቱ ከሰዓት አብዱልፈታና ነስሮ መጡ። ጎረቤቴ ብሩክም ወሬ ሊያይ መጣ። ብሩክ ወጣት መካኒክ ነው፤ ሱፐርቻርጀሩን የገጠመው እሱ ነው፤ ኮምፒውተር ይዞ መኪና የሚያናግር። ኋላዋ ላይ አሸዋ በጆንያ ጭነን ወደ ሐኪም ተራራ ዳገት ወጣን። ነስሮ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ፣ ሁለቱ ከኋላ። ዳገቱን ሳንጨርስ መብራቱ በራ።

ነስሮ ዳር ያዘ። ወርደን ኮፈኑን ከፈትን፤ ሽታው አፍንጫችን ውስጥ ገባ።

«ይሄ ነው ሥራህ?» አለኝ አብዱልፈታ።

ብሩክ ከኋላ ሆኖ፣ ለኔ የተቆረቆረ መስሎ፣ «ጋሽ እንደሻው የካርቡራተር ሰው ናቸው፤ በዚህ አይፈረድባቸውም» አለ።

ይህንንም እችለው ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ብዬ እተወው ነበር። የጎዳኝ ነስሮ ነው። ትከሻዬን ይዞ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ «ተዉት ጋሼ፣ አይጨነቁ። እንደ ድሮው እየቆምኩ እሄዳለሁ፤ ለምጄዋለሁ» አለኝ። አዘነልኝ። አባቱ «እንደሻው ያልነካውን መኪና አልነዳም» ይል የነበረ ልጅ፣ ሽማግሌ ሆኖ እጁ ከዳው ብሎ አዘነልኝ። የማንንም ስድብ እችላለሁ። የሱን ኀዘኔታ ግን መሸከም አቃተኝ።

ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ልጁ በሕይወት ይኖር ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

«ወደ ጋራዥ እንመለስ» አልኩ።

ዘይቱ እስኪበርድ እንኳ አልጠበቅሁም። ሦስቱንም ሰዎች «ውጭ ጠብቁኝ» ብዬ ሥሯ ገባሁ። እጄ እየተቃጠለ ፋሸታውን ፈታሁ፣ ናሷን አወጣሁ፣ ቱቦውን መልሼ አሰርኩ፣ የጎደለውን ዘይት ሞላሁ። ከሩብ ሰዓት አልበለጠም። «አየር ይዞ ነበር» አልኳቸው። ብሩክ አንገቱን ነቀነቀ፤ አመነኝ አላመነኝ ግድ አልነበረኝም።

ዳገቱን ሁለቴ ወጣነው። ሁለተኛውን ነስሮ በሙሉ ጉልበት ነው የነዳው። መብራቱ አልበራም። አናቱ ላይ አቁመን ወርጄ የመመለሻ ቱቦው ላይ መዳፌን አስቀመጥኩ። እኔ ቴርሞሜትር አላውቅም፤ እጄን አስቀምጬ እቆጥራለሁ። የጋለ ካምቢዮ እስከ ሦስት አያስቆጥርም። ሃያ ቆጠርኩ። ብሩክም መጥቶ ነካው። «ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ። አብዱልፈታ ደስታውን መደበቅ አቅቶት ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ነስሮ «እጅዎ ይባረክ» ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ።

ደስ አለኝ። እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ በዚያች ሰዓት ሱመያ ከነመፈጠሯም ትዝ አላለችኝም። ትዝ ያለችኝ ቤቴ ገብቼ እጄን ስታጠብ ነው። ስልኬን አነሣሁ፤ ምን ብዬ እንደምነግራት አጣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ለነስሮ ግን ደወልኩ።

«ባትግልም ቁም። ሰማኸኝ? አሸዋው ጋ ስትደርስ ቁምና ተኛ።»

«እሺ ጋሼ።»

«እሺ አትበለኝ፤ ማልልኝ።»

«ወላሂ እቆማለሁ» አለኝ እየሳቀ።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። አብዱልፈታ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰማሁት። መኪናዋ አሸዋውን አልፋ፣ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከመንገድ ወጥታ ድልድይ ዳር ካለ ድንጋይ ጋር ተላትማለች። ፍሬን የተያዘበት ምልክት የለም። ነስሮ እዚያው አልፏል። አስከሬኑ ማታ መጣ፤ በማግስቱ ጠዋት ቀበርነው። እኔም ከወንዶቹ ጋር ሆኜ አፈር መለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ትራፊክ ፖሊሶች አስጠሩኝ። የመጨረሻውን ሥራ የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ፣ የቴክኒክ ጉድለት መኖር አለመኖሩን እንድመረምርላቸው ፈለጉ። እብዷ ግቢያቸው ውስጥ በቀኝ ጎኗ ተጨፍልቃ ቆማለች። የጫቱ ቅጠል ደርቆ ወንበሩ ላይ ተበትኗል።

የዚያን ቀን የጸለይኩትን ጸሎት ለቄስ አልተናገርኩም። ጥፋት እንዳገኝ ነበር የጸለይኩት። ፋሸታ ላልቶ፣ ቱቦ ፈንድቶ፣ ዘይት ጎማው ላይ ፈስሶ፣ መኪናዋ ተንሸራታ ይሆን አልኩ። እንዲያ ከሆነ ወንጀለኛ ነኝ፤ ይሰሩኝ፤ ክፉ መካኒክ ሆኜ ልሙት። ሥሯ ገብቼ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በጣቴ ዳሰስኩ። ስምንቱም ፋሸታ እንደጠበቀ ነው። ቱቦው ደረቅ ነው፣ አንድ ጠብታ አላንጠባጠበም። የብረት እግሩ ከግጭቱ ወዲህ እንኳ ከቦታው አልተነቃነቀም። የዘይት መለኪያውን መዝዤ ጨርቅ ላይ ጠረግሁት። ዘይቱ ቀይ ነው፤ ንጹሕ፣ እንደ አዲስ። አሸተትኩት፤ ምንም የተቃጠለ ነገር አይሸትም። ያን ሁሉ አሸዋ አልፋ አንዴም አልጋለችም። በአርባ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

«ጉድለት አለባት?» አለኝ ፖሊሱ።

«የለባትም» አልኩት። ጻፈ። እንቅልፍ ሳይሆን አይቀርም አለ። ፈረምኩ።

ለባለቤቴ ለበለጡ ያን ምሽት ሁሉንም ነገርኳት። ወጥ እያማሰለች ሰማችኝና ማማሰያውን አስቀመጠች። «ሂድና ንገራት» አለች። «ከሌላ ሰው እንዳትሰማው። ትርገምህ፤ እርግማኑን ተቀበል።» በለጡ ሰውን የምታባብል ሴት አይደለችም፤ ትክክል መሆኗን ግን አውቃለሁ። የምናገረውን ሌሊቱን ሙሉ ሳዘጋጅ አደርኩ። ናሷን አወጣኋት፤ በአጉል ኩራቴ ነው ያወጣኋት፤ ሳልነግርሽ ቀረሁ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ሰው ሦስት ዓረፍተ ነገር እንዴት ያቅተዋል?

ጠዋት ጀጎል ገባሁ። ግቢው ሰው ሞልቶታል፤ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቁርኣን ይቀራሉ። ሱመያ ዒዳ፣ የባል ሐዘን ጊዜ ላይ ስለሆነች ወንድ አታይም። እናቷ ናፊያ ግን ገና ሳታየኝ እየፈለገችኝ ኖሯል፤ መጥታ «ታናግርዎት ትፈልጋለች» አለችኝና ወደ ውስጥ ይዛኝ ገባች። በክፍሉ በር ላይ መጋረጃ ተጥሏል። ከመጋረጃው ወዲህ በርጩማ አስቀመጠችልኝ፤ እሷም አጠገቤ ቆመች።

«ጋሼ፣ መጡ?» አለች ሱመያ ከወዲያ። ድምጿ የተረጋጋ ነበር።

«መጣሁ ልጄ። እግዜር ያጥናሽ።»

«ያን ቀን አልደወለልኝም። ስጠብቅ ነበር። ኔትወርኩ ነው አይደል? እዚያ አሸዋው ጋ አንዳንድ ቀን አይሠራም።»

«ልጄ...»

«ቆሞ ነበር ግን። እብዷ ግላበት፣ ቆሞ፣ ተኝቶ ነው የተነሣው። እኔ እሱን ነው የማስበው። ሸኾቹ 'አጀሉ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው' ሲሉኝ የተቀበልኩት ለዚያ ነው። እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ፤ እርስዎም ቃልዎን ጠብቀዋል። ከዚህ በላይ ያለው የአላህ ነው። ሳይተኛ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ወላሂ፣ እኔ አእምሮዬን እስት ነበር።» ድምጿ ወደ መጋረጃው ቀረበ። «ቆሞ ነበር አይደል?»

አፌን ከፈትኩ። ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች እዚያው ነበሩ። ናፊያ ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሣችም፤ የልጇን ቀሪ ዕድሜ እጄ ላይ ያየች ትመስል ነበር።

«ቆሞ ነበር» አልኩ። «ዘይቱን አይቼዋለሁ። ግላ ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ ነው ማልቀስ የጀመረችው። ቀስ ያለ፣ ልብ የሚያሳርፍ ልቅሶ ነበር፤ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጬ እንደ ሌባ ሰማሁት።

ልነሣ ስል ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ወንድሜ ከድር የአብዱልፈታን ሁለተኛ መኪና ከሰኞ ጀምሮ ሊነዳ ነው። ብንለምነው፣ ብናለቅስ አልሰማ አለ። ለሷም ማቀዝቀዣ ተገዝቷል አሉ። ሌላ የማምነው ሰው የለኝም። እሷም ትንሽ ትጋል።»

«እሺ ልጄ» አልኳት።

ውጭ ወጥቼ ጫማዬን ሳጠልቅ ከድር ራሱ መጣ። ከነስሮ ይልቅ ልጅ ነው፤ ጺሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም። ሲያለቅስ አድሮ ዓይኑ አብጧል። እጄን በሁለት እጁ ይዞ ዳር አወጣኝና በጆሮዬ ተናገረ።

«ጋሼ፣ እብዷ ዳገቱን ሳትግል እንደወጣች ብሩክ ነግሮኛል። የኔንም እንደዚያ ያድርጉልኝ። አብዱልፈታ ካልፈጠንክ ሌላ ሹፌር አለ ብሎኛል።»

እሷን እሺ ብያታለሁ። እሱንም እሺ አልኩት።